ጋቢ የለበሰው ኮምፕሬሰር

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የእስከዳር መኪና አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማ ባይተነፍስባት ኖሮ ይህ ታሪክ አይነገርም ነበር። ታሪኩ የሚነገርላቸው አያ ላቀውም ዛሬ በሕይወት መኖራቸው ያጠራጥር ነበር። ጎማ ሲተነፍስበት «ተመስገን» የሚል መንገደኛ ግን እስካሁን አልታየም፤ እስከዳርም ከመኪናው ወርዳ ጎማውን ስታይ ያለችው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እንለፈው።

እስከዳር ጎንደር ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የማሽን ጥገና አስተማሪ ናት። የምትኖረው ማራኪ በሚባለው ሰፈር ተከራይታ ነው። በዚያ ዕለት ከሾፌሩ ከምስጋናው ጋር ወደ ደባርቅ የምትወጣው እዚያ ላሉ ሠልጣኞች ፈተና ልትሰጥ ነበር። ልቧ የዋህ፣ ምላሷ ግን ፈጠን ያለ ልጅ ናት፤ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ለኋላው ይጠቅማል።

አያ ላቀው ደግሞ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከገበያው መግቢያ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤታቸው ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው። ወደ ደባርቅ የሚወጣው የጭነት መኪናም ሆነ ወደ ጎንደር የሚወርደው አውቶቡስ ያውቃቸዋል። ዱሮ የሚሠሩት በእጅ መንፊያ ነበር። ኋላ ከጎንደር ያገለገለ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ገዝተው ሲመጡ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየላቸው። እሳቸውም ማሽኑን እንደ ልጅ ወደዱት። እንደ ልጅ መባሉ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የአገራቸው የወገራ ደጋ ብርድ እንዳይጎዳው ብለው ጋቢ አልብሰውታል። ጋቢው የባለቤታቸው የወይዘሮ እንኳየሁ ነበር።

ከክረምቱ መውጫ ወዲህ ግን የማሽኑ አመል ተለወጠ። ጠዋት ሲያስነሡት «እምምም» ይላል እንጂ አይዞርም። ከዞረም ጥቂት ሠርቶ ይግልና ድርግም ይላል። ደኅና በሠራ ቀን ደግሞ ያፏጫል። አያ ላቀው ለመኑት፣ ተራገሙት፣ በእርግጫም አሉት፤ ወይ ፍንክች። ሾፌሮቹ መጠበቁ ሰልችቷቸው ጡሩንባ እየነፉ ያልፏቸው ጀመር። ስለዚህ ሽማግሌው ቆረጡ፤ በዚያው ቅዳሜ ከጎንደር የሚመጣ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ማሽኑን ሊወስደው ተስማሙ። ማሽኑ ከሄደ ሱቁን ዘግቶ ገጠር ወንድማቸው ቤት ከመጠጋት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በስተርጅና የሰው እጅ ማየት ለአያ ላቀው ከሞት አይተናነስም።

መኪናዋ እያነከሰች ከደጃቸው የደረሰችው እንግዲህ በዚህ ቀን ነው።

«እንደምን አደሩ አያ!» አለ ምስጋናው በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«እግዜር ይመስገን፤ እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። ማኪናችሁ ምነው አነከሰች?»

«ምስማር ሳይወጋት አልቀረም» አለች እስከዳር። «ቶሎ ይደርስልን ይሆን አያ? ደባርቅ የሚጠብቁን ልጆች አሉ።»

«ቀዳዳውን መድፈኑስ በኔ እጅ ነው። አየሩ ግን ይኸ ጉደኛ ከፈቀደ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ማሽኑ ጠቆሙ። «ዛሬ ይሸኛል። ምናልባት ለስንብቱ ይሠራልን ይሆናል።»

ጎማውን ፈቱ፤ የውስጥ ላስቲኩን፣ ከመነዳሪውን፣ አውጥተው ምስማሩን ነቀሉ፤ ደፈኑና መልሰው ገጠሙ። እጃቸው የለመደውን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ እስከዳርም በአድናቆት ቆማ አየች። ከዚያ ሽማግሌው የማሽኑን ሶኬት ሰኩ። «እምምም» አለ። በእርግጫ አሉት። ከሞተሩ የሚዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲጥ ሲጥ እያለ ማሽኑ ተነሣ።

እስከዳር በመጀመሪያ ያየችው ጋቢውን ነው፤ ሳቋ መጣ። ቀጥላ ያየቻቸው ወይዘሮ እንኳየሁን ነው። አየሩ የሚታመቅበት የማሽኑ ታንክ ሲሠራ ስለሚሞቅ ከጎኑ በርጩማ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ታንኩ ላይ አስደግፈው፣ ለገበያ የሚወጣ ምስር ይለቅማሉ። ወገባቸውን ብርድ ይይዛቸዋል፤ ጋቢው ማሽኑ ላይ ስለሆነ የሚያሞቃቸው ታንኩ ብቻ ነው። ከዚያ የልጅቱ ዓይን ከወይዘሮዋ ራስ በላይ ወዳለችው ትንሽ የነሐስ ቫልቭ ሄደ። ቫልቯ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጥምጥም ተደርጋ ታስራለች። የግፊት መለኪያው ቀስት ደግሞ ቀዩን መስመር ነክቷል። ሳቋ ደረቀ።

«እማማ፣ ይነሡ! ከዚያ ነገር ይራቁ እንጂ!» ብላ ጮኸችና ዘላ ሶኬቱን ነቀለችው። «ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ቦምብ ላይ ተደግፎ ምስር ይለቀማል?»

ምስሩ ተበተነ። ወይዘሮ እንኳየሁ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

ልጅቱ እዚህ ላይ አጠፋች። የተናገረችው ልክ ነው፤ አነጋገሯ ግን በሽማግሌ ፊት የሚሆን አልነበረም። የአያ ላቀው ፊት ጠቆረ።

«ምነው ልጄ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሰው ደጅ እንዲህ ይጮሃል? እኔ በዚህ ሙያ ጸጉሬ ሸብቷል። ባትማሪ እንኳ ወልደውሻል፤ ሥርዓት አስይዘውሽ የለም?»

እስከዳር አፈረች። «ይቅርታ አያ፤ አጥፍቻለሁ። የደነገጥኩት ለእማማ ነው።»

«ተዋት አንተ» አሉ ወይዘሮ እንኳየሁ ከባላቸው ቀድመው። «የጮኸችው ለኔ ነው። ልጅ ለሰው ሲደነግጥ መጮህ ያለ ነው። ይልቅ ምን እንዳየች ትንገረን።»

እስከዳር ማንንም ወደ ታንኩ አላስጠጋችም። የአየር ቱቦው ረዥም ስለነበረ ምስጋናው መንገድ ዳር ቆሞ የመኪናውን ጎማ በእሱ ሞላ። የመለኪያው ቀስት ከቀዩ እየራቀ ወረደ። ጎማው ሲሞላ ምስጋናው ሰዓቱን አየና «እንሂድ እንዴ?» አለ። እስከዳር ወደ ደባርቅ ደውላ እንደምትዘገይ ተናገረችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እዚህ ቤት ያየችውን ትታ ብትሄድ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለችና።

«አያ ላቀው፣ ይህችን ቫልቭ ማን አሰራት?»

«እኔው ነኛ! ታፏጫለች። የሞላሁትን አየር ስታባክንብኝ ከረመች። የሰው ቀዳዳ ስደፍን ውዬ የራሴን ክፍቱን ልተወው?»

«ቀዳዳ አይደለችም አያ። ታንኩ ከሚችለው በላይ ሲሞላ ትርፉን አውጥታ የምትጥል ዘብ ናት። ስሟም ሴፍቲ ቫልቭ ነው።» ወደ ወይዘሮ እንኳየሁ ዞረች። «እማማ፣ ድስቱ ሊገነፍል ሲል ክዳኑን ምን ያደርጉታል?»

«ገለጥ አደርገዋለሁ።»

«ክዳኑን በገመድ ጠፍረው አስረው፣ እሳቱን እያነደዱበት ቢሄዱስ?»

ወይዘሮ እንኳየሁ በርጩማቸውን አንሥተው ወደ በሩ አራቁት፤ መልሳቸውም ይኸው ነበር።

አያ ላቀው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ማሽኑ ሲሞላ ራሱ ይቆማል ብለው ነው የሸጡልኝ። ራሱ የሚቆም ከሆነ ዘብ ምን ይሠራለታል?»

«ይቆም ነበር?»

«ዱሮማ ሸጋ አድርጎ ይቆም ነበር።»

«መቆሙን የተወው መቼ ነው?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ከክረምቱ መውጫ ወዲህ ነው። ግሎ ድርግም ካላለ እኔው ሶኬቱን እየነቀልኩ ነው የማቆመው።»

«ማፏጨት የጀመረውስ?»

«እሱም ከዚያው ወዲህ ነው» አሉ አያ ላቀው የታሰረችውን ቫልቭ እያዩ። እስከዳርም አልቸኮለችም፤ ካቻቢቴ ተቀብላ፣ ሶኬቱ መነቀሉን ደግማ አይታ፣ ታንኩ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ሳጥን ከፈተች። ሲሞላ አጥፋ፣ ሲጎድል አብራ እያለ ሞተሩን የሚያዝዘው አውቶማቲኩ ያለው በዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱ የመዳብ ጥርሶች ከሰል መስለው ተጣብቀዋል።

«ይኸውልዎ አያ። ይህ ተቃጥሎ ስለተጣበቀ 'አጥፋ' ማለት አቃተው። ሞተሩ ሳያቋርጥ ሲሞላ ያቺ ቫልቭ ታፏጫለች። የምታፏጨው ይኸኛው መታመሙን ልትነግርዎ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አፏን አሰርኩት» አሉ አያ ላቀው በቀስታ። ከዚያ ግን ድንገት ቀና አሉ። «ቆይ ልጄ፤ ያሰርኳት ዛሬ አይደል፤ ከረምኩ እኮ! ነገሩ አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ምነው እስካሁን አልፈነዳ?»

ይህ የጅል ጥያቄ አይደለም፤ ማንም አስተዋይ ሰው የሚጠይቀው ነው። እስከዳርም መልሱን ፍለጋ ተነሥታ ማሽኑን ዞረችው። ጋቢውን ገለጠች፤ ከሥሩ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በጥጥ ብናኝ ተደፍነዋል። አየር የሚስብበትን ፊልትሮ ፈታ አወጣች፤ እሱም የጋቢ ብናኝና የመንገድ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ምርጊት ሆኗል። ቺንጋውን በጣቷ ገፋ ስታደርገው እንደ ላላ መቀነት ተንጠለጠለ። ሞተሩ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ አየችና «ድርግም ሲልብዎ ይህችን ተጭነው ነው መልሰው የሚያስነሡት?» ስትል ጠየቀች።

«ቀዝቀዝ ካለ በኋላ አዎ። እስኪበርድ ስንቱን ሾፌር አጣሁ መሰለሽ! ሞልቶ እንዳይጨርስ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ይቆምብኛል።»

እስከዳር የልብሷን አቧራ ሳታራግፍ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ላቀው፣ ያልፈነዳው ለዚህ ነው። ሞተሩ በጋቢ ታፍኖ፣ ፊልትሮው ተዘግቶ፣ ቺንጋው ላልቶ ስለሚደክም፣ ታንኩ ከልኩ አልፎ ከመሙላቱ በፊት ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል ይህች ቀይ ቁልፍ ታጠፋዋለች። በየቀኑ የሚራገሙት እየቆመ ያስቸገረዎን ነው። ነፍስዎን ያቆየውም እሱው ነው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «እኔም ብሆን ቫልቯን ሳላይ ጋቢውን ገፍፌ፣ ቺንጋውን አጥብቄ፣ 'ጠገንኩልዎ' ብዬ ብሄድ ኖሮ፣ የዚያኑ ዕለት እገድላችሁ ነበር። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የደኅንነቱ ነገር የሚቀድመው፤ የሚያስቸግረን ነገር ይከተላል።»

አያ ላቀው ማሽኑን አዲስ ሰው እንዳዩ ሁሉ አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዞሩና አማተቡ።

ቢሆንም ሽማግሌው እጅ የሰጡት በአንድ ጊዜ አይደለም። ጋቢውን በተመለከተ ገና ሙግት ነበራቸው።

«ጋቢውን ልክ አይደለም ትይኛለሽ። ወገራ እንደ ጎንደር መሰለሽ? ጠዋት ዘይቱ ረግቶ እንደ ቅቤ ነው። 'እምምም' የሚለው በርዶት አይደል?»

«በዘይቱስ እውነትዎን ነው» አለች እስከዳር። ሽማግሌው የጠበቁት ክርክር ስለነበረ ተገረሙ። «ብርድ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ለብርድ የሚስማማ ዘይት እንለውጥለታለን። ግን አያ፣ እርሻ ያውቃሉ አይደል?»

«ተወልጄ ያደግሁበት!»

«የሚያርሱ በሬዎችዎን ጋቢ አልብሰው ይጠምዷቸዋል?»

አያ ላቀው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ በሬ ጋቢ ለብሶ ታያቸውና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወይዘሮ እንኳየሁም ከበሩ ላይ ሳቁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ንግግሩ ሁሉ ቀለለ። የሳቀ ሰው ይሰማል፤ እስከዳርም ይህን ቀደም ብላ ብታውቅ ያን ሁሉ ጩኸት ባላስፈለጋት ነበር።

«ታዲያ 'እምምም' የሚለው ለምንድን ነው?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ይህን ገመድ ይንኩት፤ ተነቅሏል፣ አይፍሩ።»

የኤሌክትሪኩ ገመድ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ቤት በግድግዳው ዞሮ የሚመጣ፣ ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነው። የተረፈው ርዝመት ተጠቅልሎ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አያ ላቀው ነኩትና እጃቸውን መለስ አደረጉ፤ ከተነቀለ ቆይቶም ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም።

«ኃይሉ በመንገድ እያለቀ ነው የሚደርሰው» አለች። «ይህ ሞተር ሲነሣ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ቀጭን ሽቦ ያን ያህል አያሳልፍም። ወፍራም ገመድ፣ አጭር መንገድ፣ ቢቻል ከቆጣሪው አጠገብ። ደግሞ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ስለሚያድር፣ ጠዋት ሞተሩ የሚነሣው የትናንቱን ግፊት በጀርባው ተሸክሞ ነው። ለምን ማታ ማታ አያስተነፍሱትም? ውሃውስ ከሥሩ ይፈስሳል?»

አያ ላቀው ከሳቃቸው ተመለሱ። ያለፈው ሁሉ የሥራ ነገር ነበር፤ ይህኛው ግን የቤት ሥርዓት ነው።

«ይኸንንስ አላደርገውም ልጄ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማራትና፣ ባዶ እንስራ በቤቷ አሳድራ አታውቅም። 'ባዶ እቃ ያደረበት ቤት ችግር ይገባዋል' ትል ነበር። ማሽኑንም ከገዛሁት ጀምሮ ማታ ሞልቼው ነው የማድረው። የታችኛውን ቁልፍ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ኋላ ቀር» ብሎ ነገሩን ያበላሸዋል። እስከዳር ግን የጠዋቱ ተግሣጽ ጠቅሟታል።

«እናትዎ ሸጋ ሰው ነበሩ። እንስራው ጠዋት ውሃ ሲያንስበት እላዩ ላይ ይጨምሩበት ነበር?»

«ምን በወጣት! ወንዝ ወርዳ፣ የትናንቱን ዝቃጭ ደፍታ፣ በቅጠል ውስጡን አጥባ ነው እንጂ! ባልታጠበ እንስራ ማን...» አያ ላቀው ንግግራቸውን አቋረጡ።

እስከዳር የቀረውን ሽማግሌው ራሳቸው እንዲጨርሱት ተወችላቸው።

«እኔ አንድ ቀን አጥቤው አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ሙላቱን ከእናቴ ያዝኩ፤ እጥበቱን ረሳሁ።»

«አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይቀራል አያ። ብረት ደግሞ እንደ ሸክላ አይደለም፤ ውሃ ሲያድርበት ይዝጋል።»

ሽማግሌው የቀረውን አየር በቱቦው አስወጡ። ቀስቱ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ተንበርክከው የታችኛውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ፈቱ። በመጀመሪያ ምንም አልመጣም። ምስጋናው በሽቦ ነካ ሲያደርገው ቡናማ፣ የሚገማ ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ፤ ሽራፊ ዝገትም አብሮት ነበር። ባልዲ ሞላ፤ ሌላ ባልዲ ቀረበ።

«ወይ አምላኬ! ይኸ ሁሉ በሆዱ ነበር?»

«ለዚህ ነው አየሩ ቶሎ የሚያልቅብዎ፤ ግማሹ ውሃ ነበራ።» እስከዳር የታንኩን ጎን በካቻቢቴው እጀታ ኳ ኳ አደረገች፤ ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ። ሥሩን ስትመታው ግን ድምፁ ታፈነ። ተነሥታ እጇን ጠረገች። «አያ፣ ሌላው ሁሉ የሚጠገን ነው። ታንኩ ግን ሳይፈተሽ አየር አይሞላበትም። እኛ ዘንድ ጎንደር ይፈተሻል። ከደባርቅ ስመለስ ጭኜው ልሂድ?»

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ የብረት ነጋዴው አይሱዙ ደጁ ላይ ቆመ። ነጋዴው ተጫዋች ሰው ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ወዲያው ማሽኑን በዓይኑ መዘነ።

«ሞተሩ ይሠራል አይደል አያ? ከሠራማ ብረት አላደርገውም። ታች ቆላ አንድ ጎሚስታ ኮምፕሬሰር አምጣልኝ ብሎኛል፤ ቀለም ቀብቼ አስረክበዋለሁ።»

አያ ላቀው ነጋዴውን አዩ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ሚስታቸው በርጩማ አዩ። ያ ቆላ ያለው ሰውም ሚስት ይኖረው ይሆናል።

«አልሸጥም» አሉ።

«እንዴ አያ፣ ተስማምተን?»

«ብረት ሆኖ የሚቀልጥ መስሎኝ ነበር የተስማማሁ። አሁን ያለበትን አውቄያለሁ። የኔን ሞት ቀለም ቀብቼ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ወንድሜ፣ መንገድህን አስተጓጎልኩ፤ ይቅር በለኝ።»

ነጋዴው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሱቁ ከእጃቸው ሊወጣ እንደሚችል እያወቁ ይህን ማለታቸው እስከዳርን ልቧን ነካው። ለሠልጣኞቿ ስለዚህ ቀን ስትናገር የምትጀምረው ከዚች ቃል ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አያ ላቀው ወይዘሮ እንኳየሁ የላኩትን ምስር በከረጢት ይዘው ጎንደር ወረዱ። እስከዳር ከደባርቅ ስትመለስ ማሽኑን ጭና ወስዳው ነበር፤ ማሠልጠኛው ግቢ ሲደርሱ ታንካቸው ከሞተሩ ተለይቶ ብቻውን ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ሠልጣኞቹ ውሃ ሞልተውበታል።

«አየር ሳይሆን ውሃ ምነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አየር ታምቆ ቢፈነዳ ቤት ይዞ ይሄዳል» አለች እስከዳር። «ውሃ ግን ቀዳዳ ሲያገኝ ፊጭ ብሎ ያቆማል።»

በእጅ ፓምፕ ግፊቱን ቀስ በቀስ ጨመሩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከቀስቱ አልነቀሉም። እሳቸው በየቀኑ ይሞሉት ከነበረው ገና ሳይደርስ ከታንኩ ሥር ቀጭን ውሃ ተፈናጥሮ ጫማቸውን አራሰው።

ታንኩ ከዚያ በኋላ ተቆረጠ። ከሥሩ የወጣውን ቁራጭ ለአያ ላቀው ሰጧቸው። በአውራ ጣታቸው ጫን ቢሉት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ገባ። ቁራጩን ይዘው ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ።

«እንኳየሁ ጀርባዋን የምታስደግፈው እዚህ ላይ ነበር» አሉ። «ልጄ፣ እኔ አንቺን 'ወልደውሻል' ብዬ ተቆጣሁሽ። ወላድ እናትሽን እግዜር ይባርክልኝ። አንቺ ባትደርሺ እኔ ዛሬ ሐዘን ላይ ነበርሁ፤ ያውም በገዛ እጄ።»

እስከዳር ከጎናቸው ቁጭ አለች።

ማሠልጠኛው ሞተሩ የተቃጠለ አሮጌ ኮምፕሬሰር ነበረው፤ ታንኩ በፈተናው ስላለፈ ለአያ ላቀው ማሽን ተሰጠ። አዲሱ አውቶማቲክና አዲሱ ሴፍቲ ቫልቭ ከፒያሳ መጡ። «ይህች ቫልቭ ከተበላሸች በአዲስ ትቀየራለች እንጂ አትጠገንም፣ አትታሰርም» አለቻቸው እስከዳር። ቺንጋው በልኩ ጠበቀ፤ ፊልትሮው ተለወጠ። ሽማግሌው ሁሉንም ከሠልጣኞቹ መሀል ቆመው፣ እየጠየቁ፣ በእጃቸው እየሞከሩ ተማሩ። የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያው ላይ ቀብቶ አየር የሚያመልጥበትን መፈለግ ግን ለእሳቸው አዲስ አልነበረም፤ ጎማ እድሜያቸውን ሙሉ የፈተሹት በዚሁ ነው። የማሽኑ ተራ ሲደርስ ያን ለሠልጣኞቹ ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ በአምባ ጊዮርጊስ የሚያልፍ ሾፌር የአያ ላቀውን ሱቅ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ማሽኑ ከቆጣሪው አጠገብ ቆሞ፣ በወፍራም ገመድ፣ ሶኬቱ በተሰካ ቁጥር ያለ እርግጫ ይነሣል። ሲሞላ ራሱ ይቆማል። መጠበቁ ስለቀረ የጭነት መኪናዎቹ ተመልሰዋል። ከዳባትና ከሌላም ቦታ ጎሚስቶች መጥተው ይጠይቋቸዋል። አያ ላቀውም በሩ ላይ የሰቀሉትን የታንክ ቁራጭ አውርደው እንግዳውን በአውራ ጣቱ ያስነኩታል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ መምከር አያስፈልጋቸውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሶኬቱን ነቅለው የታንኩን አየር ያስተነፍሳሉ፤ ተንበርክከውም የታችኛውን ቁልፍ ይከፍታሉ። አየሩ «ፍሽሽ» ብሎ ሲወጣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መምሸቱን ያውቃል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ይወርዳል። «ተመስገን፤ ታጠበ» ይላሉ አያ ላቀው። ከዚያ ክሩ ፊልትሮው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀው በንጹሕ ጆንያ ይሸፍኑታል።

አንድ ምሽት፣ ከወደ ዳሽን የሚመጣው ንፋስ የቆርቆሮውን በር ሲያንኳኳ፣ ወይዘሮ እንኳየሁ ታጥቦ የነጣውን ጋቢ ተከናንበው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆንያውን አዩና ባላቸውን ሊያሾፉባቸው ፈለጉ።

«አንተ ሰው፣ ልጅህን በጆንያ አሳደርከው? ዛሬ ብርዱ አይቻልም፤ ጋቢውን ላምጣለት እንዴ?»

አያ ላቀው ቀረብ ብለው የጋቢውን ጫፍ በሚስታቸው ትከሻ ላይ አስተካከሉላቸው።

«እሱን ይብረደው» አሉ። «አንቺ ልበሽ።»